ግራ ፍሬን

ከሰርቦ እስከ ጅማ፣ ቁልቁለት ዳገቱን
በአንደኛ ማርሽ ነው የገፋው ሌሊቱን፤
ሾፌሩ ከኋላው ልጅ አስከትሎ፣
ድንጋይ ያሸከመው፣ «ካመለጠኝ ደግፍ» ብሎ።
ጎህ ሲቀድ ቆመልኝ ከጋራዤ ደጃፍ
ቀይ ማሲ ፈርጉሰን፣ በዕድሜ እኔን የሚያልፍ።

ከባጃጅ ወረደች ሸምሲያ፣ ባለቤቱ፣
በፌስታል ተጠቅልሎ ሊብሬና ወረቀቱ።
ስሙ አልዞረም ገና፤ ኑሪ አባ ቦር ይላል፣
ሰውየው ካረፈ መንፈቅ ይሆነዋል።
«ፍሬኑ ነው» አለችኝ፣ «ሲረግጡት ይሰምጣል፤
ለመቆም ከሆነ ዛፍ መፈለግ ይቀላል።»

በክሪክ አነሳነው፣ ጣውላ ደረደርን፣
ዳዶው ዝጎ ነበር፣ ናፍጣ አጠጥተን አደርን።
በማግስቱ ጠዋት፣ በመዶሻ ታግዞ
ወለቀልን ዳዶው፣ እንደ ጥርስ ደንዝዞ።

መጀመሪያ ቀኙን ከፈትኩ።
ሸራው ሙሉ ነበር፣ አልጎደለም ውፍረቱ፣
የፋብሪካው ቁጥር አልጠፋም ከፊቱ።

ከዚያ ግራውን።
ሸራ የሚባል የለም፤ ያለው የሪቬት ራስ፣
ብረት በብረት ላይ ሲጎተት፣ ሲታረስ
ታምቡሮው ሆድ ውስጥ ትልም አውጥቶበታል፤
ስድስት ቆጠርኩኝ፣ ጥፍር ይገባበታል።

ትራክተር ነድቶ ለማያውቅ ልንገረው፦
ሁለት ፔዳል አለው፣ ለየጎማው አንድ ነው፤
ከማሳ ጫፍ ደርሶ ጠበብ ብሎ ሲታጠፍ
አንዱ ጎማ ይያዛል፣ ሌላው ዞሮት እንዲያልፍ።
ትንሽ መበላለጥ ያለ ነው፣ አውቃለሁ፤
እንዲህ ያለ አድልዎ ዛሬ ገና አየሁ።

«ኑሪ» አልኳት፣ «ወደ ቀኝ ታጥፎ አያውቅም እንዴ?»
የሳቀች መሰለኝ። አልሳቀችም።

«በቀኝ በኩል ያለው የሙደሲር ማሳ ነው፣
ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ጠቡ አንድ ክንድ ወሰን ነው።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ችሎት ሲጠራቸው
ግራ ቀኝ ተባሉ፣ ቀረ ወንድምነታቸው።
ወደ ቀኝ ካጠፈው አጥሩ ፊት ለፊቱ ነው፤
ያ ደጅ ላይ ከቆመ ዐይን ለዐይን ሊያየው ነው።
እና በግራ፣ በግራ፣ እንደ አውድማ በሬ
ሲዞር ኖረ» አለችና ዋጠች ሌላውን ወሬ።

ቆይታ ግን፣ ዐይኗን ከዘይቱ ገንዳ ሳታነሳ፦
«ለቀብሩ መጣ እኮ። አጥሩን ዘሎ።
በመንገድ ብዞር አልደርስም ብሎ።»

ታምቡሮውን ላክሁት ለአባመጫ፣ ቶርኖ ቤቱ፤
አምስቱን ትልም ላጨው፤
ስድስተኛውን ተወ፣ እንዳይሳሳ ብረቱ።
ፓራኦሊዮውም ያለቅስ ነበርና ቀየርነው።
ሚፍታ አዲስ ሸራ ገዝቶ መጣ ከመርካቶ፣
በሪቬት መታሁት፣ እንደ ጫማ ሶል አስተኝቶ።

«ቀኙን ተወው» አለችኝ፣ «ለምን ይውጣ ብሩ፣
ምን አደረገ ቀኙ?»
                    «ምንም። እሱ ነው ችግሩ።
ፍሬን በጥንድ ነው።»

ከሰዓት ዘነበ። ሁለቱን ፔዳል በመቀርቀሪያ አያያዝሁና
ወደ ቦዬ ቁልቁል ለቀቅሁት። ረገጥሁ።
ቆመ። ወርጄ ጭቃውን አየሁ፦
ሁለት መስመር። ሚፍታ ተንበርክኮ በስንዝር ለካ፤
ግራው በአንድ ጣት ይረዝማል ለካ።
የለመደ እግር ነው፣ አልኩ፤ ግማሽ ዙር አላላሁት።

ሒሳቡን በግማሽ ከፈለች፣ ግማሹ ለበቆሎው።
ሊብሬውን ከትታ ፌስታሉን ስትቋጥረው
«ሙደሲር» አለችኝ፣ «ለሰኞ ልረስበት ብሏል፤
እሺም አላልኩም፣ እምቢም አላልኩ፣ ይታያል።»
ሾፌሩ ከግቢው ሲወጣ ቀኙን ረገጠ፤
አዲሱ ሸራ ጮኸ። ግን ታጠፈ።

የተበሉት ሪቬቶች መደርደሪያዬ ላይ ናቸው፣
በሳርዲን ቆርቆሮ።
ቆራሌው በመጣ ቁጥር ያንሿሿቸዋል።
«አይሸጥም» እለዋለሁ።
«ግማሽ ኪሎም አይሞላ» ይለኛል፣
መልሶ ያስቀምጣል።